ሥራ ሳትለቁ የኤሮስፔስ ማስተርስ፦ ከዩኒቨርሲቲ ምርጫ በፊት ምን ይቀድማል?

አሜሪካ ውስጥ የኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ማስተርስን በኦንላይን መማር ዛሬ ብርቅ ነገር አይደለም። ጆርጂያ ቴክ፣ ፐርዱ፣ ኦበርን፣ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት፣ አላባማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም ከግቢያቸው ርቀው ለሚማሩ ሠራተኞች በራቸውን ከፍተዋል። ስታንፎርድም በሥራ ላይ ያሉ ኢንጂነሮችን በትርፍ ጊዜ ይቀበላል።

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው "የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ግን ይህ ጥያቄ አራተኛ ላይ መምጣት አለበት ባይ ነኝ። በዚህ ዘርፍ የወረቀታችሁ (የዜግነታችሁ ወይም የመኖሪያ ፈቃዳችሁ) ሁኔታ፣ የዲግሪው ዓይነትና የሂሳብ አቅማችሁ ይቀድማሉ። ሦስቱን ሳያዩ የተመዘገበ ሰው በጥሩ ውጤት ተመርቆም የሚፈልገው ሥራ ደጅ ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቀን እንሂድ። በዋናነት የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ ለምታስቡም ቆይቼ እመለስበታለሁ።

1. ወረቀታችሁን እዩ

ኤሮስፔስ ከኮምፒውተር ሳይንስ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሮኬትና ሚሳይል፣ የጦር አውሮፕላን፣ አንዳንድ ሳተላይቶችና ክፍሎቻቸው በአሜሪካ ሕግ ከጦር መሣሪያ ጋር ይመደባሉ። አይታር የሚባለው ደንብ የእነዚህን ቴክኒካዊ መረጃ ለውጭ ሰው ማሳየትን ወደ ውጭ አገር እንደ መላክ ይቆጥረዋል። ሰውየው እዚያው ቢሮ ውስጥ ጎናችሁ ቢቀመጥም ያው ነው።

ታዲያ እንደ ውጭ ሰው የማይቆጠረው ማን ነው? የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት ተመዝግቦ የገባ እና የጥገኝነት ጥያቄው የጸደቀለት። በዲቪ የመጣ ሰው እንግዲህ በዚህ ደንብ ፊት ከዜጋ እኩል ነው። ይህን የማያውቁና ራሳቸውን ያለ ምክንያት የሚያገሉ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል ጥገኝነቱ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያለው፣ በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ የሚሠራ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው አይካተትም። ኩባንያው ፈቃድ ሊያወጣለት ይችላል። ግን ብዙ ቀጣሪ ያን ጣጣ አይፈልግም።

ከዚህ በላይ ሌላ ደረጃ አለ። የምስጢር ፈቃድ፣ ክሊራንስ የሚሉት፣ ዜግነት ይጠይቃል። ናሳም በራሱ መንግሥታዊ መደብ የሚቀጥረው ዜጎችን ነው። ከናሳ ጋር በኮንትራት የሚሠሩ ኩባንያዎች ግን ግሪን ካርድ ያላቸውን የሚቀበሉባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አንብቡ። የሚያስፈልገው ዜግነት ይሁን መኖሪያ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ እዚያ ግርጌ ላይ ተጽፏል።

መማር ራሱ አልተከለከለም። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ አጠቃላይ የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ትምህርት ከአይታር ውጭ ነው። ወረቀታችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ መማር ትችላላችሁ፤ ጥያቄው ዲግሪው የሚያልቅበት ጊዜና ወረቀቱ የሚያልቅበት ጊዜ ይገናኛሉ ወይ የሚለው ነው።

ወረቀቱን ካያችሁ በኋላ የምትኖሩበትን ከተማ እዩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሳይርቅ ግሪንቤልት ላይ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል አለ። የጎዳርድ ሥራ ሳተላይትና የጠፈር ቴሌስኮፕ ስለሆነ እዚያ አካባቢ የምሕዋር ስሌት፣ የጠፈር ሲስተምና የሙቀት ቁጥጥር ይፈለጋል። ሲያትል ያላችሁ ቦይንግ ሬንተንና ኤቨረት ላይ አለላችሁ፤ ስትራክቸርና ማቴሪያል እዚያ ዋጋ አለው። ዳላስ ያላችሁ ደግሞ ፎርት ወርዝ ላይ ኤፍ 35 የሚገጣጠምበት የሎክሂድ ማርቲን ፋብሪካና የቤል ሄሊኮፕተር ኩባንያ ቅርባችሁ ናቸው። አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ላይ ሲ 130 የተባለው የጭነት አውሮፕላን ይሠራል። በአካባቢያችሁ የወጡ ሃያ ያህል የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡና ተደጋግሞ የሚመጣውን ክህሎት አስምሩበት። የምትመርጡትን ዘርፍ ይህ ዝርዝር ይነግራችኋል።

2. የዲግሪውን ስም በጥንቃቄ አንብቡ

"ኤሮ" የሚል ነገር ያለበት ሁሉ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አይደለም። ኤምብሪ ሪድል በኦንላይን የሚሰጠው የኤሮኖቲክስ ማስተርስ በአቪዬሽን አሠራር፣ ደኅንነትና አስተዳደር ላይ ያተኩራል። ኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የጠፈር ጥናት ማስተርስም ፖሊሲን፣ ታሪክንና ሳይንስን አጣምሮ የያዘ ነው። ሁለቱም በየቦታቸው ጠቃሚ ናቸው። አየር መንገድ ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን የሚያስብ ሰው የመጀመሪያው ይበጀዋል። የክንፍ ጭነት እያሰላችሁ ወይም የሳተላይት መቆጣጠሪያ እየነደፋችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ግን እነዚህ አያደርሷችሁም።

በኢንጂነሪንግ ውስጥም ልዩነት አለ። "ማስተር ኦፍ ሳይንስ" እና "ማስተር ኦፍ ኢንጂነሪንግ" ሁለት ስሞች ናቸው። በኦንላይን ሲሆን ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ያለ መመረቂያ ጽሑፍ በኮርስ ብቻ ያልቃሉ። ለሥራ ከሆነ ልዩነታቸው ያን ያህል አያስጨንቅ። ወደ ፒኤችዲ ለመቀጠል የምታስቡ ከሆነ ግን ምርምር የሚያሠራ አማራጭ ያለበትን ፈልጉ። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ የኤሮስፔስ ፒኤችዲ ማግኘት ከባድ ነው።

የኢንጂነሪንግ ትምህርት ፕሮግራሞችን ስለሚመዝነው ተቋም፣ ስለ ኤቤት እውቅናም ብዙ ይጠየቃል። ኤቤት በዋናነት የሚመዝነው የመጀመሪያ ዲግሪን ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርሳቸውን በኤቤት አያስመዝኑም፤ ስለሌለው አትደንግጡ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በታወቀ የእውቅና ሰጪ አካል ሥር መሆኑን ማረጋገጥ ነው የሚጠበቅባችሁ። ዲፕሎማው ላይ "ኦንላይን" ተብሎ ይጻፍ እንደሆነም በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። በአብዛኛው አይጻፍም።

3. ሂሳባችሁን ፈትኑ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኦንላይን ነው ተብሎ ትምህርቱ አይቀልም፤ በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ያለው ተማሪ የሚያየውን ሌክቸር ራሱን፣ የሚሠራውን ፈተና ራሱን ነው የምታገኙት። ስለዚህ ካልኩለስ እስከ ሦስተኛው፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስና የስትራክቸር መሠረት በእጃችሁ መኖር አለበት። በማትላብ ወይም በፓይተን ፕሮግራም መጻፍም ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ራሳችሁን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። ከመሬት በላይ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ክብ ምሕዋር ይዛ የምትዞር መንኮራኩር አለች። ወደ ጂኦስቴሽነሪ ምሕዋር፣ ማለትም ከምድር ማዕከል 42,164 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መውጣት አለባት። ሁለት ጊዜ ሞተር አስነስታ በሆማን ሽግግር (በሁለቱ ምሕዋሮች መካከል በሞላላ መንገድ) ብትሄድ በድምሩ ስንት የፍጥነት ለውጥ ያስፈልጋታል? በዝቅተኛው ምሕዋር ፍጥነቷ በሰከንድ 7.73 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ግፊት 2.43፣ ሁለተኛው 1.47 ይመጣል፤ ድምሩ በሰከንድ 3.9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ የመጀመሪያ ሳምንታት የቤት ሥራ ነው። ቀመሩን ከመጽሐፍ አይታችሁ በአንድ ምሽት በወረቀት ከሠራችሁት፣ በማግስቱም ወደ ኮድ ከቀየራችሁት መሠረቱ አለ። ቀመሩ ከየት እንደመጣ ማየት ካቃታችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ጥቂት ወራት ለሂሳብ ስጡ። ወደ ኤሮዳይናሚክስ የምታዘነብሉ ደግሞ በማክ 2 (በድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ) የሚመጣ አየር ቀጥ ያለ ድንጋጤ ሞገድ (ኖርማል ሾክ) ሲያልፍ ግፊቱ 4.5 እጥፍ እንደሚሆን አስሉ።

ለዝግጅት ብር ማውጣት አያስፈልግም። የኤምአይቲ የኤሮስፔስ ኮርሶች በኦፕን ኮርስዌር በነፃ ተለቀዋል። ኮሎራዶ ቦልደር በኮርሴራ ላይ የመንኮራኩር ዳይናሚክስና ቁጥጥር ኮርሶች አሉት፤ ከባድ ናቸው፣ ግን የማስተርስ ደረጃ ምን እንደሚመስል በደንብ ያሳያሉ። የኔዘርላንድሱ ዴልፍት በኢድኤክስ ላይ የሰጠው የኤሮኖቲክስ መግቢያ ደግሞ ለጀማሪ ይመቻል።

በአውሮፕላን ጥገና የሠራችሁ ወገኖች አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ኤ ኤንድ ፒ የሚባለውን የአውሮፕላን ጥገና ላይሰንስ መያዝ ትልቅ ሙያ ነው፤ ሞተርን በእጁ የፈታ ሰው ኮርሱን የሚረዳበት መንገድ ልዩ ነው። ነገር ግን ላይሰንሱ ካልኩለስን አይተካም። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በአቪዬሽን ማኔጅመንት ወይም በቴክኖሎጂ ከሆነ የጎደሉትን የሂሳብና የፊዚክስ ኮርሶች በኮሚኒቲ ኮሌጅ ውሰዱ። ሜሪላንድ ያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ኖቫ አለላችሁ። ዋጋቸውም ከማስተርስ ኮርስ ጋር አይወዳደርም።

4. አሁን ዩኒቨርሲቲ ምረጡ

አብዛኛው ፕሮግራም 30 ክሬዲት ገደማ ነው፤ አሥር ኮርስ ማለት። የስታንፎርድ 45 ዩኒት ብዙ ቢመስልም በኳርተር የሚቆጠር ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። የክሬዲት ብዛት ብቻ አትመልከቱ። የመጪዎቹን ሁለት ዓመታት የኦንላይን ኮርስ መርሐ ግብር ጠይቁ። ካታሎጉ ላይ 40 ኮርስ ተዘርዝሮ በኦንላይን በየሴሚስተሩ የሚከፈተው ሦስት ወይም አራት ብቻ ሊሆን ይችላል። የምትፈልጉት ፕሮፐልሽን (የሞተርና የግፊት ትምህርት) ሆኖ የፕሮፐልሽን ኮርስ በሁለት ዓመት አንዴ ከሆነ የሚከፈተው፣ የዩኒቨርሲቲው ዝና አይጠቅማችሁም።

ፈተናው እንዴት እንደሚሰጥም ጠይቁ። አንዳንዶች በካሜራ ይከታተላሉ። አንዳንዶች በአካባቢያችሁ ታማኝ ተቆጣጣሪ እንድታቀርቡ ይጠይቃሉ። ሌክቸሩ በቀጥታ መታየት ያለበት ነው ወይስ ተቀድቶ የሚቆይ? የማታ ሺፍት ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ ከደረጃ ሰንጠረዥ ይበልጣል።

5. ገንዘቡን በወረቀት ላይ አስሉ

የጆርጂያ ቴክ የኮምፒውተር ሳይንስ ኦንላይን ማስተርስ በ2014 ሲጀመር በጠቅላላው 7 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑ ዓለምን አስገርሞ ነበር። ብዙ ሰው ኤሮስፔሱም እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም። የኤሮስፔስ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአንድ ክሬዲት ዋጋ 1,000 ዶላር ከሆነ 30 ክሬዲት 30,000 ይሆናል፤ የሴሚስተር ክፍያዎች ሳይጨመሩ። አንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኦንላይን ለሁሉም አንድ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ሌሎች የስቴቱ ነዋሪ ላልሆነ ይጨምራሉ።

የመጀመሪያው የገንዘብ ምንጭ አሠሪያችሁ ይሁን። በአሜሪካ የታክስ ሕግ አሠሪ ለትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር (የ2026 ገደብ) ቢከፍልላችሁ ታክስ አይቆረጥበትም። እዚህ ላይ ጊዜውን ማስተካከል ይጠቅማል። ገደቡ በካላንደር ዓመት ስለሆነ በኦገስት 2026 ጀምራችሁ በዲሴምበር 2029 ብትጨርሱ አራት ዓመት ይነካል። በ5,250 ብቻ ብናሰላ እንኳ 4 ጊዜ 5,250፣ 21,000 ዶላር ነው። ውሉን ግን አንብቡ። ብዙ ኩባንያ ከተማራችሁ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ይጠይቃል፤ ቀድሞ የወጣ ይመልሳል። ከተወሰነ ውጤት በታች ላመጣ የማይከፍልም አለ።

የፌዴራል ብድር ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ ለስደተኞችና ጥገኝነት ላገኙ ይፈቀዳል። ሆኖም ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ መሆን ያስፈልጋል። በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ የሚወስድ ሰው ይህን ላያሟላ ይችላል። በ2025 በወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ለማስተርስ ተማሪ የቀረው በዓመት እስከ 20,500 ዶላር የሚደርሰው ብድር ነው። እኔ ብትጠይቁኝ፣ አሠሪ የሚከፍልላችሁ ሥራ ፈልጎ መግባት ከብድር ይሻላል፤ አንድ ዓመት ቢያዘገያችሁም።

6. ማመልከቻው

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራቱን ካልጨረሰ ወረቀቱ አይለቀቅለትም። ውክልና የሰጣችሁት ዘመድ እየተመላለሰ ይጨርሰዋል፤ ቢያንስ አራት ወር ስጡት። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱን በደብሊውኢኤስ ወይም በመሰል ተቋም እንድታስገመግሙ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ የራሱ ክፍያና ጊዜ አለው።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የእናንተ፣ የአባትና የአያት ስም በተርታ ተጽፏል። ግሪን ካርዱ ላይ አያት የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል፣ ወይም አባት። አጻጻፉም አንዱ ቦታ በአንድ ፊደል፣ ሌላ ቦታ በሁለት ሊሆን ይችላል። ማመልከቻውን በፓስፖርታችሁ ወይም በግሪን ካርዳችሁ ስም ሙሉ፤ ልዩነቱን በአጭር ደብዳቤ አስረዱ። ይህን ያላደረገ ሰው ፋይሉ "አልተሟላም" ተብሎ ወራት ሊቀመጥ ይችላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይፈለጋል። አገር ቤት ያሉ መምህራን በግል ኢሜይል ሲልኩ አንዳንዴ ጥያቄ ስለሚያስነሳ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል እንዲጠቀሙ ለምኗቸው። የቅርብ አለቃችሁ የሚጽፈው ደብዳቤም በኦንላይን ፕሮግራም ትልቅ ክብደት አለው። የራሳችሁን ጽሑፍ በተመለከተ "ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፕላን እወድ ነበር" ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ በሥራ ቦታ የፈታችሁትን አንድ ቴክኒካዊ ችግር ጻፉ፤ ቀጥሎም የትኛው ኮርስ የትኛውን ክፍተት እንደሚሞላላችሁ። ጂአርኢ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ ቀርቷል። እንግሊዝኛ ፈተናን በተመለከተ ግን በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አማካይ ውጤታችሁ ከ3.0 በታች ነው? ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪው ሳትመዘገቡ አንድ ሁለት የማስተርስ ኮርስ እንድትወስዱ ይፈቅዳል። አራት ኮርስ ያህል የሆነ ሰርተፊኬት የሚሰጡም አሉ። እዚያ ላይ ጥሩ ውጤት ካመጣችሁ የድሮው ትራንስክሪፕት ጉልበቱን ያጣል። ስንት ክሬዲት ወደ ዲግሪው እንደሚዛወር ግን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ያዙ።

አገር ቤት ለምትኖሩ

ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ፕሮግራም የተማሪ ቪዛ አያስገኝም። ከምረቃ በኋላ አሜሪካ የመሥራት ፈቃድም አያመጣም። ዓላማችሁ አሜሪካ መግባት ከሆነ ይህ መንገዱ አይደለም፤ ስኮላርሺፕ ያለው የግቢ ትምህርት ፈልጉ። ዓላማችሁ በአገር ውስጥ ማደግ ከሆነ ግን ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሰፊ የጥገና ማዕከል አለው። ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2019 ከቻይና የተወነጨፈችውን ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት ካየች በኋላ የጠፈር ሙያተኛ ያስፈልጋታል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ቦታ ሂዱ። አንደኛ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ፤ ከውጭ በኦንላይን የተገኘ ዲግሪ የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ባንካችሁ ዘንድ፤ በመግቢያ ደብዳቤውና በክፍያ ሰነዱ የውጭ ምንዛሪ እንዴት እንደሚፈቀድ እወቁ። ሰዓቱንም አስቡበት። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ በበጋ ምሽት በስድስት ሰዓታቸው የሚጀምር ፈተና አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ 8 ሰዓት። መብራት ቢጠፋ የሚይዝ ባትሪና ተጠባባቂ የሞባይል ኢንተርኔት ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ።

7. የመጀመሪያው ሴሚስተር

ሁለት ኮርስ ለመውሰድ ትጓጓላችሁ። አትውሰዱ። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ከባድ የቤት ሥራ ባለበት ሳምንት ከዚያም ይበልጣል። በአንድ ኮርስ ጀምሩ፤ ቢቻል ሌሎቹ የሚቆሙበትን የሂሳብ ወይም የዳይናሚክስ ኮርስ። ቤተሰብ ያላችሁ የጥናት ሰዓታችሁን ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ልቅሶ፣ ሰርግና ክርስትና በሚጠራው ማኅበረሰባችን ውስጥ ያልተነገረ የጥናት ሰዓት አይከበርም።

ሌክቸሩን በፍጥነት አስሮጣችሁ አትዩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ፣ መምህሩ ከአንድ መስመር ወደ ቀጣዩ ሲሻገር ቪዲዮውን አቁሙና ራሳችሁ አውጡት። በመምህሩ የቢሮ ሰዓት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ግቡ፤ ጥያቄ ባይኖራችሁም ተዋወቁ። በኦንላይን የሚማር ሰው ፊቱ ካልታየ ለመምህሩ ስም ብቻ ነው። ነገ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም የምርምር ፕሮጀክት የምትጠይቁት እሱን ነው።

ኮርስ መጣል የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን፣ ገንዘብ የሚመለስበትን ቀንም ጭምር፣ ስልካችሁ ላይ አስገቡ። ሁለቱ ቀኖች አንድ አይደሉም፤ ገንዘቡ የሚመለስበት ቀድሞ ያልፋል። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ውጤት ከዚያ ቀን በፊት ካልደረሳችሁ ለመምህሩ ጻፉና የት እንዳላችሁ ጠይቁ።